ስለ ኾር ሰሊማ ባሕር ዳርቻ ጥበቃ የቀረበ የቤተሰብ ምስጋና

ለክቡር የኦርዴል ኮስታል ኢንጂነሪንግ ፕሬዚዳንት
ካልገሪ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ጊዜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትሆኑ፣ ቤትዎም ትናንት በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬም ቆሞ እንዲያገኙት ከልብ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለወግ ያህል አልጨመርኩትም። ቤት በቦታው መገኘቱ እንደ ጤና ሁሉ ከአላህ የሚለመን ነገር መሆኑን ድርጅትዎ ካስተማረን ወዲህ፣ ለማከብረው ሰው ሁሉ የምመኘው ይህንኑ ነው።

ስሜ መድና ይመር ይባላል። የምኖረው እዚሁ ካልገሪ፣ ዶቨር ሠፈር ሲሆን የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ለዓመታዊው የሽልማትና የእራት ግብዣዎ በሚዘጋጀው ፊልም ላይ፣ የ«ተጠቃሚው ማኅበረሰብ» ተወላጅ እንደመሆኔ፣ በራሴ ቋንቋ የምስጋና ቃል እንድሰጥ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ በትሕትና ጠይቆኛል። ከሁለት ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል ተብያለሁ። ምስጋናዬ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሆኖ ስላላገኘሁት እዚህ ባለው የአገር ልጆች ማኅበራችን ጋዜጣ ላይ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ፤ ድርጅትዎ ሕዝብን በቋንቋው እንደሚያዳምጥ በድረ ገጹ ስላስነበበንም በአማርኛ መጻፌ ቅር እንደማያሰኝዎ አምናለሁ። ተርጓሚ መፈለግዎ ግን አይቀርም። ቀድሞ ያለ ክፍያ ትተረጉምልዎ የነበረችው ልጄ ሱንዱስ አሁን ከእናንተ ጋር የለችም።

እርስዎ ኾር ሰሊማን የሚያውቋት በፎቶግራፍ ስለሆነ አስቀድሜ ላስተዋውቅዎ። ጅቡቲ ውስጥ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነች። አባቴ ይመር እንድሪስ በወጣትነቱ ከወሎ ወርዶ፣ የአፋር ልጅ የሆነችውን እናቴን አግብቶ፣ ገመድና ስኳር የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍቶ እዚያው ቀረ። እኔም ለትምህርት ደሴ አክስቴ ዘንድ እስክላክ ድረስ ያደግሁት እዚያ ነው። ያን ጊዜ በቤታችንና በውኃው መካከል የነበረው አሸዋ እጅግ ሰፊ ስለነበር፣ ቀትር ላይ ወደ ባሕሩ ስንሮጥ እግራችን እንዳይቃጠል መሐል ላይ በተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ጥላ ሥር ማረፍ ነበረብን።

ባሕሩ ይህን አሸዋ መብላት የጀመረው እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ነው፤ ይህን ብሸሽግ እዋሻለሁ። ወንዛችን ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን በጎርፍ አሸዋ ተሸክሞ ይወርድና ለባሕሩ ያስረክባል፣ ባሕሩም በዳርቻው እያንከባለለ ለየመንደሩ ያድላል። ከተማው ሲያድግ ለወደቡና ለፎቁ ሥራ የጭነት መኪናዎች መጥተው ያንን አሸዋ ገና ወንዙ ውስጥ ሳለ ይጭኑት ጀመር። ወንድሜ ሱፍያን ራሱ በአካፋ ጫኝ ነበር፤ ዓሣው ሲመናመን ልጆቹን ምን ያብላ? ሥሩ ባሕር ውስጥ ገብቶ አሸዋ የሚይዘውን ዛፍ፣ ማንግሮቩንም ለማገዶና ለማገር የቆረጥነው እኛው ነን፤ የተረፈውን ግመሎቻችን በሉት። የባሕሩ ከፍ ከፍ ማለት ግን ኾር ሰሊማ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት የሞተር ጀልባዎች ይልቅ እዚህ አልበርታ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከምናወጣውና ከምናነደው ነዳጅ ጋር ይቀራረባል ይባላል። ይህን ነገር በዚህ ከተማ ማንሣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ የከተማውን ወግ አክብሬ አልፈዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ልጄን ስለቀጠሩልኝ አመሰግናለሁ።

ሱንዱስ የተወለደችው እዚሁ ነው። ባሕር የምታየው በትምህርት ዕረፍት አያቷ ዘንድ ስወስዳት ብቻ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የክፍል ጓደኞቿ ነዳጅና ጋዝ ሲያጠኑ እሷ ባሕር በሌለበት ከተማ ቁጭ ብላ የባሕር ዳርቻ ኢንጂነሪንግ ተማረች። ድርጅትዎ በቀጠራት በዓመቱ፣ በእርዳታ ገንዘብ የሚሠራውን የዳርቻ ጥበቃ ፕሮጀክት ሲያሸንፍ፣ የቦታውን ስም ካርታ ላይ አንብባ ከቢሮዋ ደወለችልኝ። «እማ፣ ጌስ ዋት! ኾር ሰሊማ ነው! የአባባ ቢች!» አባባ የምትለው አያቷን ነው። እኔ ሺፍት ላይ ነበርኩ። ኮሪደር ወጥቼ እልል ብል፣ አለቃዬ አንድ ሽማግሌ የወደቀ መስሏት እየሮጠች መጣች። አባቷ አብዱራህማን ደግሞ ታክሲውን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጎ፣ ተሳፋሪው እያየው አለቀሰ።

በዚያው ሰሞን ሬድስቶን ሠፈር ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ፣ እየነዳች የሥራውን ነገር አስረዳችኝ። ሜዳው ላይ የተተከለውን የበረዶ አጥር በአገጯ አመለከተችኝ። «እማ፣ አየሽው? በረዶው በነፋስ ሲመጣ አጥሩ ጋ ይከመራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ምንም አያገኝም። እኛ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የምንዘረጋው የድንጋይ ክምር፣ ጄቲውም ሴም ቲንግ ነው። በዚህ በኩል አሸዋ ይይዛል፣ በዚያ በኩል ያለው ዳርቻ ይራባል።» በዚያ በኩል ያለው ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «በዚህ በኩል የቱሪስቶቹ ሆቴል ነው። በዚያ በኩል አባባ። በት ዶንት ወሪ፣ የተያዘውን አሸዋ በየዓመቱ እየጫንን ወደነሱ እናሻግራለን፣ ማንግሮቭ ይተከላል፣ ከወንዙ መጫንም ይቆማል። ኔክስት ፌዝ ላይ ሁሉም አለ።» የሥራው ቀጣይ ምዕራፍ ማለቷ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ የነበረውን ብርሃን ቢያዩት ኖሮ ያኔውኑ ፎቶ ያስነሡት ነበር።

፪ኛ. በመንደራችን ስብሰባ ላይ ለተሰጠን ማረጋገጫ አመሰግናለሁ።

ቡድንዎ ኾር ሰሊማ ሲደርስ አባቴ ፍየል አርዶ ተቀበለው። መንደሩ መስጊዱ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ሲናገር ሱንዱስ በዚያ በግማሽ አማርኛዋ ለአያቷ ትነግረዋለች፣ እሱም በአፋርኛ ለሕዝቡ ያደርሳል። በዚያ ወቅት የአካባቢው አስተዳደር ለውኃው የቀረቡት ቤተሰቦች ከመንገዱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ቦታ እንዲወስዱ ጠይቋቸው ነበር፤ አንዳንዶቹም የቤት መሥሪያ እንጨታቸውን ማጋዝ ጀምረዋል። አባቴ ይህን አንሥቶ ጠየቀ፤ ማዕበል የሚመክተው ግንብ እስከየት ነው፣ የእኛስ ቤት በውስጡ ነው ወይ አለ። ሥራ አስኪያጅዎ እጁን አባቴ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ እናንተ የቀጣዩ ምዕራፍ ናችሁ፣ ለመነሣት የሚያስቸኩል ነገር የለም አለ።

ሱንዱስ ተረጎመች። «አባባ፣ መነሣት አያስፈልግም። ኔክስት ፌዝ የእናንተ ነው። ቆዩ።»

አባቴም ዞሮ ለመንደሩ «ቆዩ ተብሏል» አለ። እንጨታቸውን ያጋዙትም መልሰው አወረዱ። ከዚያ በኋላ ነው አባቴ ራስ ላይ የድርጅትዎን ቢጫ ቆብ አድርጋችሁ፣ ከልጅ ልጁ ጋር አስተቃቅፋችሁ ፎቶ ያነሣችሁት፤ ዛሬ በመግቢያ አዳራሽዎ ግድግዳ ላይ ከጣራ እስከ ወለል ተሰቅሎ የሚታየው።

፫ኛ. ስለ ግንቡና ስለ ጄቲው አመሰግናለሁ። እጅግ ጠንካራ ሥራ ነው። የሆቴሉ ዳርቻ ሰፍቷል፣ ጃንጥላዎቹም በሦስት ረድፍ ሆነዋል።

በእኛ በኩል ደግሞ ሁሉም ልጄ በበረዶ አጥሩ እንዳስረዳችኝ ሆነ። በመጀመሪያው የነፋስ ወር ጀልባ የሚጎተትበት ቦታ ሄደ። ባሕሩ አሸዋውን ወስዶ ሲጨርስ ከሥር ያለውን ጠጠር፣ ከዚያም አፈሩን መቆፈር ጀመረ። አባቴ በስልክ ስለ ራሱ ቤት አይነግረኝም፤ ስለ ጎረቤት ነበር የሚያወራው። አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ግን ደውሎ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «መድና፣ እናትሽን ወደ ላይ አወጣናት» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ማዕበሉ የመቃብር ቦታውን ከሥር ቦርቡሮት፣ ወንዶቹ ባሕሩ እንዳይቀድማቸው የየቤተሰባቸውን አፅም በአዲስ ጨርቅ እየጠቀለሉ ወደ ኮረብታው ሲያወጡ መዋላቸውን ነበር የሚነግረኝ። «ሁሉንም አገኛችሁ?» አልኩት። «እናትሽን አግኝቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ያላገኙ እንደነበሩ የሰማሁት በኋላ ከሱፍያን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ያልለመንኩበት ቀን የለም። በባሕሩ በኩል ያለው ማድ ቤት ወድቋል፣ የሱቁ ግድግዳ ተሰንጥቋል። ሱንዱስም ታለቅስበት ነበር፤ «አባባ፣ ፕሊስ ውጣ፣ ኔክስት ፌዙን እኔ እዚህ ሆኜ እጠይቃለሁ፣ አንተ ግን ውጣ።» አባቴ ደግሞ የሚያጽናናው እሷን ነበር። ለእኔ ለብቻዬ ሲሆን እንዲህ አለኝ፦ «የልጅ ልጄ ተምራ፣ ባሕር አቋርጣ መጥታ በሕዝብ ፊት ቆዩ ያለችኝን ቃል ዛሬ ጥዬ ብወጣ፣ መንደሩ ስለሷ ምን ይላል? ደግሞ ያለችው ይመጣል። የእኔ ልጅ አትዋሽም።»

ክቡር ሆይ፣ አባቴ ግትር ሰው አልነበረም። ያመነው እሷን ነው፣ እሷ ያመነችው እናንተን ነው።

በሁለተኛው የነፋስ ወር አንድ ቀትር ላይ ዙህር ሊሰግድ ውዱእ እያደረገ ሳለ የቀረችው ክፍል ከነወለሏ ወደ ውኃው ተንሸራተተች። ሱፍያን ከወንዙ ሮጦ ደርሶ ከድንጋዩ ሥር ጎትቶ አወጣው። ዳሌው ተሰብሮ ነበር። ሱንዱስ ቲኬት ቆርጣ በረረች፤ እኔ ፈቃድ እስካገኝ ድረስ አልደረስኩም። ክሊኒኩ ውስጥ ትኩሳቱ በርትቶበት ሳለ አወቃት፤ እጇን ያዘና «ኔክስት ፌዝ መጣ?» ብሎ ጠየቃት። የጠየቃት ሊወቅሳት አይደለም። ደስ ብሎት፣ የመጣችው እሱን ይዛ መስሎት ነው። እሷም «ኢንሻላህ፣ አባባ» አለችው። በማግሥቱ ሞተ። የተቀበረው ኮረብታው ላይ ድንጋይ በመዶሻ ተፈልጦ ነው፤ አስተዳደሩ ለቤት መሥሪያ ሰጥቶት ከነበረው ቦታ አጠገብ።

፬ኛ. ሱንዱስን ስትመለስ በግል ቢሮዎ ስላነጋገሯት አመሰግናለሁ።

ይህን ያህል ትልቅ ሰው ለአንዲት ጀማሪ ሠራተኛ ጊዜ መስጠቱ ቀላል ነገር አይደለም። ሐዘንዎን ገለጹላት፣ የኀዘን ዕረፍት ሰጧት፣ የአማካሪም ስልክ ቁጥር ሰጧት። ስለ ቀጣዩ ምዕራፍ ስትጠይቅዎ ግን ለጋሹ ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ እንዳዋለው፣ አሸዋ ማሻገሩም ሆነ መንደሩ ከድርጅቱ «ስኮፕ»፣ በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ከሥራ ወሰኑ፣ ውጭ እንደሆኑ አስረዷት። ሲሸኟትም በእራት ግብዣው ላይ ስለ አያቷ ጥቂት ቃል እንድትናገር ጋበዟት።

ያን ቀን ቤት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ «እማ፣ ስኮፕ በአማርኛ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። «እኔም ለአባባ አልተረጎምኩለትም» አለች።

በማግሥቱ ሥራዋን ለቀቀች። አሁን ሰንሪጅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ልብስ ታጥፋለች። ሥራው ነውር የለበትም፤ እኔም ካናዳ ስገባ የጀመርኩት በዚያው ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ ትቀመጣለች እንጂ አትበላም። ዘመድ ሲመጣ አማርኛ መናገር ትታለች፤ ቢጠይቋት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አባቷ አንድ ቀን አቅፏት «ልጄ፣ የአንቺ ጥፋት አይደለም» ቢላት «አባ፣ ቆዩ ያልኩት እኔ ነኝ። ኢት ወዝ ማይ ቮይስ፤ ድምፁ የእኔ ነበር» አለችው። አብዱራህማን ጃኬቱን ለብሶ፣ የሥራ ሰዓቱ ሳይደርስ ወደ ታክሲው ወጣ።

ልመናዬ አጭር ነው። መንደሩን መልሱ አልልም፤ የሄደ አሸዋ በደብዳቤ አይመለስም። ዳርቻ እንዴት እንደሚጠበቅ ድርጅትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቃል፤ ጄቲው ያገደውን አሸዋ ወደ ተራበው በኩል ማሻገር፣ ወንዙን ከመኪና ማሳረፍ፣ ማንግሮቩን መመለስ፣ ሰውንም ቤቱ ከመውደቁ በፊት እንጂ ከወደቀ በኋላ አለማንሣት። ይህን ሁሉ ከሱንዱስ ሰምቼዋለሁ፤ እሷም ያነበበችው ከእናንተው ጥናት ነው። ስለዚህ የማስተምርዎ ነገር የለኝም።

የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ አባቴን ከግድግዳዎ ላይ ያውርዱልኝ። ሁለተኛው፣ ዶቨር ድረስ መጥተው፣ ወይም ሰንሪጅ በምሳ ሰዓቷ አግኝተዋት፣ «ቆዩ» የሚለው ቃል የድርጅትዎ እንጂ የእሷ እንዳልነበረ በራስዎ አንደበት ይንገሯት። እኔ ብነግራት እናት ስለሆንኩ ነው ትላለች። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ ለጋሽም አያስፈልገውም። ከሥራ ወሰንዎ ውጭ ከሆነ ግን፣ ያው እንደለመድነው፣ በቀጣዩ ምዕራፍ ያስገቡልን።

ግብዣው የሰመረ፣ ሽልማቱም ለክብርዎ የሚመጥን እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እስከ ዛሬ ስለ ተደረገልንና ወደፊትም ሊደረግልን ስለሚችለው ጥበቃ ሁሉ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

የኾር ሰሊማ ተወላጅ፣ የይመር እንድሪስ ልጅ፣ የሱንዱስ እናት፣
መድና ይመር
ዶቨር፣ ካልገሪ

ተጨማሪ፦ ፕሮጀክቱ ለአካባቢው ሰው የሥራ ዕድል መፍጠሩን በፊልሙ ውስጥ ማንሣት ቢፈልጉ መረጃ ልስጥዎ። ወንድሜ ሱፍያን በሆቴሉ ዳርቻ በዘበኝነት ተቀጥሯል፤ ሥራው ከኾር ሰሊማ የሚመጡ ልጆች አሸዋው ላይ እንዳይጫወቱ ማባረር ነው። ልጆቹ ግን አሁን ሌላ አሸዋ የላቸውምና ደጋግመው ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አለቃው ቆሞ ሲያይ፣ በዱላ እያስፈራራ ያባረራት የገዛ ልጁን ጁማናን ነበር። ማታ ቤት ሲገባ «አባ፣ አላወቅኸኝም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።